ጓደኛዬ ዕጩ እንድትሆን ተጠየቀች፤ ከጎኗ ሆኜ ምን ልሥራ?

ጥያቄ፦ መምህርት ከአዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። በአዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት የሒሳብ መምህርት የቅርብ ጓደኛዬ ናት። የሁለት ልጆች እናት ስትሆን የሰፈራችንን ዕድር ሒሳብ መያዝ ከጀመረች ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ደብተሩን ከተረከበች ወዲህ «የዕድሩ ገንዘብ የት ገባ?» የሚለው፣ ጉባኤውን ዘወትር ሲበጠብጥ የኖረው ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም። ተቆፍሮ የተተወው የሰፈራችን መንገድ እንዲጠናቀቅ የነዋሪውን ፊርማ አሰባስባ፣ አቤቱታውን በእጇ ጽፋ፣ ከቢሮ ቢሮ ተመላልሳ ያስፈጸመችውም እሷ ናት።

ባለፈው ወር አንድ የፖለቲካ ፓርቲ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዕጩነት እንድትቀርብ ጠየቃት። የመጀመሪያ መልሷ «እኔ ማን ሆኜ ነው?» የሚል ነበር። በዚያው ሳምንት ያው ፓርቲ አንድ ወንድ ባልደረባችንንም ጠይቆት ነበር፤ እሱ አንድም ጥያቄ ሳያነሣ፣ የቀረበለትን ሻይ እንኳ ሳይጨርስ ተስማማ። መልካም ሰው ነው፣ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ይሁን እንጂ የሕዝብ ገንዘብ ይዞ፣ የሕዝብ አቤቱታ ተሸክሞ የማያውቀው ሰው በራሱ ሲተማመን፣ ይህን ሁሉ ዓመት የሠራችው ሴት «አልበቃም» ማለቷ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ምክንያቶቿን ጠይቄያታለሁ። ባለቤቷ አልከለከላትም፤ ነገር ግን «ስምሽ በየመንደሩ ይነሣል፣ ያንን ትችይዋለሽ ወይ?» ብሏታል። አማቷ ደግሞ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት በቡና ላይ ጣል አድርገውባታል። የፓርቲው ስብሰባ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሚጀመር መሆኑ፣ የቅስቀሳው ወጪ፣ የመምህርነት ደመወዟ ጉዳይ፣ በፌስቡክ ሊጻፍባት የሚችለው ነገር ሁሉ ያሳስባታል። ከእነዚህ ውስጥ «ተራ ፍርሃት ነው» ብዬ የምጥለው አንድም አላገኘሁም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሳልጫናት፣ ውሳኔውንም ከእጇ ሳልነጥቅ እንዴት ላበረታታት? «እሺ» ከማለቷ በፊት ፓርቲውን ምን መጠየቅ ይኖርባታል? ከእናንተ መካከል ተወዳድራችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ማሸነፋችሁም ሆነ መሸነፋችሁ ሳያግዳችሁ የሆነውን እንዳለ ንገሩኝ።

መልስ 1፦ የ2013 ዕጩ

እኅቴ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ ያቺ መምህርት ራሴ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው አጠቃላይ ምርጫ ተወዳድሬ ተሸንፌያለሁ፤ የምጽፍልሽም ያን ጊዜ ማንም ሳይነግረኝ የቀረውን ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በየትኛው የምርጫ ክልል?» የሚል ይሁን። እኔን የጠየቀኝ ፓርቲ ያቀረበኝ ከምኖርበት ሰፈር ሳይሆን ሁለት ታክሲ ተሳፍሬ በምደርስበት፣ አንድም ዘመድና ጎረቤት በሌለኝ የምርጫ ክልል ነበር። የሰፈሬ የምርጫ ክልል በፓርቲው ውስጥ ለቆየ አንድ ወንድ አባል ተይዞ ነበር። በኋላ ስንነጋገር፣ አብረውኝ ከቀረቡት ሴቶች መካከል ብዙዎቹ እንደኔው ፓርቲው «አይገኝም» ብሎ ተስፋ በቆረጠባቸው ቦታዎች መመደባቸውን ተረዳሁ። የምርጫ ሕጋችን፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ለፓርቲዎች የሚሰጠው የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ሲከፋፈል የሴት ዕጩዎች ብዛት ከግምት እንዲገባ ያደርጋል። ሕጉን እደግፈዋለሁ፤ ነገር ግን አንዳንድ ፓርቲ ሴትን ለማሸነፍ ሳይሆን ለቁጥር ማሟያ እንዲፈልግ በር መክፈቱን በራሴ ላይ አይቻለሁ። ጓደኛሽ ሰው የሚያውቃት በዕድሯ ነው፤ በዕድሯ አካባቢ ካልሆነ በስተቀር እሺ እንዳትል።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ፖስተር የሚያሳትመው ማን ነው? የመኪናና የሞንታርቦ ኪራይ ከየት ይወጣል? በየምርጫ ጣቢያው የሚቀመጡት ወኪሎች ምሳና ትራንስፖርት በማን ይሸፈናል? እነዚህን በቃል ተስማምቼ ስለነበር፣ ቅስቀሳው ሲጀመር «ማእከሉ ገና አልለቀቀም» የሚል መልስ ብቻ እየተሰጠኝ ለልጄ ትምህርት ቤት ያስቀመጥኩትን ገንዘብ አወጣሁ። ወንዶቹ ዕጩዎች ከነጋዴ ጓደኞቻቸው ሲሰበስቡ፣ እኔ የማውቃቸው ሰዎች በአብዛኛው በእቁብ ገንዘብ የሚኖሩ ሴቶች ነበሩ። በጽሑፍ ይሁን፤ ማን ምን ያህል፣ መቼ እንደሚያወጣ ተዘርዝሮ ይፈረምበት። የደመወዟንና የፈቃዷንም ጉዳይ ከፓርቲው አፍ ሰምታ እንዳትረጋጋ፤ ከምርጫ ቦርድ ጽሕፈት ቤትና ከመሥሪያ ቤቷ የሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ታረጋግጥ።

ስለ ቅስቀሳው ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ እንደገና ብሠራው ደስ የሚለኝ እሱን ነው። ወንዶቹ አዳራሽና መኪና ላይ ሲያተኩሩ፣ እኔ አቅም ስላልነበረኝ ወፍጮ ቤት፣ የውኃ ቦኖ፣ እሑድ ገበያና የጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ያፈርኩበት ነገር ኋላ ላይ ከሁሉ የሚሻል መንገድ ሆኖ ተገኘ። በአዳራሽ ውስጥ ሴቶች ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ዝም ይላሉ፤ ቡና ላይ ግን አቦሉ ሳይወርድ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ቧንቧ ውኃ፣ ስለ ማታ መብራት እጦት ጀምረው እስከ በረካው ድረስ መልስ ሳያገኙ አይለቁሽም። «እኛን ወክለሽ ምን ትናገሪያለሽ?» ብላ ያፋጠጠችኝ አንዲት እንጀራ ጋጋሪ፣ በየክርክር መድረኩ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የከበደውን ጥያቄ ጠይቃኛለች።

ስም ስለ መነሣቱ የባለቤቷ ሥጋት እውነት ነው። በሐሰተኛ አካውንት ስለ ትዳሬ፣ ስለ አለባበሴ፣ አልፎም ልጄን የወለድኩት ከማን እንደሆነ ተጽፎብኛል። ስለ ፖሊሲዬ የጻፈ ግን አልነበረም። ያተረፈኝ እኅቴ የገጼን ቁልፍ ተረክባ እሷ አስተያየቶቹን እያነበበች፣ እየመዘገበችና እያጠፋች እኔ እንዳላያቸው ማድረጓ ነው። አንቺ ለጓደኛሽ ልትሠሪላት ከምትችይው ሁሉ የመጀመሪያው ምናልባት ይህ ነው፤ ስድቡን በእሷ ፋንታ የሚያነብ ሰው መሆን።

በምርጫው ማግሥት በጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን የቆጠራ ውጤት ለማየት ብቻዬን ሄድኩ። ተሸንፌያለሁ። ሆኖም ያ ወፍጮ ቤት ባለበት ጣቢያ ሁለተኛ ወጥቼ ነበር። ስሜን በዚያ ወረቀት ላይ ሳነብ ያለቀስኩት በሽንፈቱ አልነበረም፤ እነዚያ ሴቶች የነገሩኝን አድርገው ስላገኘኋቸው ነው።

መልስ 2፦ ጠበቃ፣ ከባሕር ዳር

የቀደመችው እኅታችን በተግባር ያየችውን ከቁጥር አንጻር ልጨምርበት። በ1987ቱ ምርጫ ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት ሴቶቹ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በ1992 ወደ 8 በመቶ፣ በ1997 ከ20 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ፣ በ2002 ወደ 28 በመቶ፣ በ2007 ደግሞ ከ547 መቀመጫዎች 212ቱ፣ ማለትም ወደ 39 በመቶ የሚጠጋው በሴቶች ተያዘ። ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ ከ40 በመቶ አልፏል። በጥቅምት 2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴቶች ሆነ፤ በዚያው መኸር ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ።

ይህን ዕድገት የሚያጣጥል ሰው ከሆንኩ ይቅርታ አይደረግልኝ። ነገር ግን ከጎኑ አንድ ሌላ ቁጥር ማስቀመጥ አለብኝ። በ2002 ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከሁለት መቀመጫ በቀር ሁሉንም ያዙ፤ በ2007 አንድም አላስቀሩም። ስለዚህ ከ1997 ወዲህ የሴቶች ቁጥር ያደገው ፉክክሩ በጠበበባቸው ዓመታት ነው፤ ያደገውም በዋናነት አንድ ድርጅት በውስጡ ኮታ አውጥቶ ሴቶችን አሸናፊነቱ በተረጋገጠ ቦታ ስላቀረበ ነው። አንዲት ሴት በዚህ መንገድ ምክር ቤት ስትገባ ሥራዋን በሚገባ ልትሠራ ትችላለች፤ ብዙዎችም ሠርተዋል። ይሁን እንጂ መግቢያዋም መውጫዋም በድርጅቱ እጅ ይሆናል። የጠያቂዋ ጓደኛ ግን ፉክክር ባለበት፣ ጎረቤቷ መርጧት ልትገባ የምትችል ሰው ናት፤ እንዲህ ያሉት ደግሞ እስካሁን ጥቂቶች ናቸው።

ሕጉ ምን ሊያደርግ ይችላል ለሚለው፣ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 35 ሴቶች የነበረውን የልዩነት ታሪክ የሚያካክስ ተጨማሪ የድጋፍ እርምጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 54 ግን የምርጫ ሥርዓታችን በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው የሚያሸንፍበት እንዲሆን አድርጓል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ፓርቲው ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ሰው ብቻ ያቀርባል፤ ሴት ስትቀርብ አንድ ወንድ ቦታውን መልቀቅ አለበት፣ ለቃቂውም በቀላሉ አይለቅም። ሩዋንዳ ከ80ዎቹ የታችኛው ምክር ቤት መቀመጫዎች 24ቱን ለሴቶች ብቻ ለይታ፣ አብዛኛውን ቀሪ ደግሞ በፓርቲ ዝርዝር እንዲመረጥ አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2008 ሴቶች ከግማሽ በላይ የሆኑበት ምክር ቤት አገኘች። ኬንያ በአንጻሩ ከማንኛውም ጾታ ከሁለት ሦስተኛ በላይ እንዳይኖር እ.ኤ.አ. በ2010 ሕገ መንግሥቷ ብትጽፍም ማስፈጸሚያ ሕግ ባለማውጣቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዋና ዳኛው ፓርላማው እንዲበተን ለፕሬዚዳንቱ ምክር እስከ መስጠት ደርሰዋል። በአገራችንም ድንጋጌ ብቻውን እንደማይበቃ ማየት አያዳግትም።

ለጓደኛሽ ደግሞ «ምክር ቤት ብቻውን ሕግ አይቀይርም» ብለሽ አበርቺያት። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለመከላከል የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 ከፍ ያደረገው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጸደቀው ሴቶች በምክር ቤቱ እጅግ ጥቂት በነበሩበት ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከውጭ ሆኖ ያደረገው ግፊት ለዚያ ትልቅ ድርሻ ነበረው። እሷም ብትሸነፍ እንኳ ያሰባሰበቻቸው ሰዎች በማግሥቱ አይበተኑም።

መልስ 3፦ ከነታንያ፣ እስራኤል

እኔ የምኖርበት አገር ሥርዓት የተለየ ነው። እዚህ አገሪቱ በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ስለምትቆጠር፣ ሕዝቡ የሚመርጠው ሰው ሳይሆን ዝርዝር ነው፤ ክኔሴቱ፣ ማለትም ፓርላማው፣ 120 መቀመጫ አለው፣ የሚገባውም ፓርቲው ባገኘው ድምፅ ልክ ከዝርዝሩ ላይ በቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ከመጣነው አይሁድ ማኅበረሰብ ለሚነሡ ሴቶች ጥያቄው «ስሜ ገብቷል ወይ?» ሳይሆን «ስንተኛ ላይ ነው?» የሚል ነው። በዝርዝሩ ጭራ ላይ ለጌጥ የተቀመጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስሞችን በየምርጫው አይተናል።

ፕኒና ታማኖ ሻታ በጎንደር አካባቢ ተወልዳ፣ በልጅነቷ የኢትዮጵያ አይሁዶችን ከሱዳን ወደ እስራኤል ባጓጓዘው የሙሴ ዘመቻ ወደዚህ የመጣች የሕግ ባለሙያና ጋዜጠኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ክኔሴት ስትገባ በኢትዮጵያ ከተወለዱ ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የዓሊያና የውህደት ሚኒስትር፣ ማለትም ወደ እስራኤል የሚገቡ ፍልሰተኞችን ጉዳይ የምትመራ ሚኒስትር፣ ሆነች። የገባችው ፓርቲዋ ሊያገኝ በሚችለው ቁጥር ውስጥ በሚያስገባ ደረጃ ላይ ስለተቀመጠች ነው። ያን ምሽት እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ዕልል ሲሉ አስታውሳለሁ፤ ዕብራይስጡን እንኳ በወጉ አይሰሙም ነበር።

ይህን የምጽፈው የመጀመሪያዋ መላሽ ስለ ምርጫ ክልል ያለችውን ለማጠናከር ነው። ሥርዓቱ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው፤ ፓርቲው ሴቲቱን የት ላይ እንዳስቀመጣት ስናይ ምን ያህል እንደሚፈልጋት እናውቃለን።

መልስ 4፦ የቀድሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

ስለ ከተማው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ገጠሩ ጥቂት ልበል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነን ተሰማርተናል። እያንዳንዷ ቤት ለቤት ዞራ የማታውቀው ጓዳ፣ ያልመከረቻት እናት፣ ያልገጠማት የሽማግሌ ክርክር የለም። ከዚህ የተሻለ የዕጩዎች መገኛ የት ይኖራል? ነገር ግን በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ስብሰባ እንድጠራ፣ ሰው እንድቀሰቅስ፣ ቁጥር እንድመዘግብ ተጠይቄ አውቃለሁ እንጂ ራሴ እንድወዳደር የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ቢጠይቁኝ ምን እንደምል አላሰብኩበትም ነበር፤ ሳልጠየቅ ደግሞ ራሴን ማቅረብ በእኛ አካባቢ ነውር ነው።

ስለዚህ ጠያቂዋን የማሳስባት፣ ጓደኛሽን አንድ ጊዜ ጠይቀሽ «አልፈልግም» ስላለች እንዳትተያት ነው። ደጋግሞ መጠየቅ መጫን እንዳይመስልሽ። በገጠር ሙሽራ እንኳ አንድ ጊዜ ተጠይቃ አትሰጥም፤ ሽማግሌ ይመላለሳል። የሚጫናት መጠየቁ ሳይሆን ጠይቆ ብቻዋን መተው ነው። እኔ ብሆን «ተወዳደሪ» ብሎ ከሚመክረኝ ይልቅ «ስብሰባ በምትሄጂበት ማታ ልጆችሽ እኔ ቤት ይበላሉ» የሚለኝን ሰው አምነው ነበር።

ከጠያቂዋ፦ መምህርት ከአዲስ አበባ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን አትሜ ትናንት ወሰድኩላት፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጠን አብረን አነበብናቸው። የወፍጮ ቤቱ ታሪክ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ጠበቃው ስለ ጠቀሱት የቤተሰብ ሕግ ደግሞ አንድ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገረችኝ፤ ታላቅ እኅቷ የተዳረችው በ14 ዓመቷ ነው።

እኔም የበኩሌን ጨመርኩላት። በተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት በተደረገው የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ አሸንፈው ፓርላማ የገቡት፣ በኋላም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ ከዚያ በፊት የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት እንደነበሩ ነገርኳት። ስማቸውን ታውቅ ነበር፤ መምህርት እንደነበሩ ግን አታውቅም ነበር።

እስካሁን «እሺ» አላለችም። ነገር ግን በፓርቲው ፊት የምታቀርባቸውን ጥያቄዎች በዕድሩ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ መጻፍ ጀምራለች፤ የመጀመሪያው የምርጫ ክልሉ ነው፣ ሁለተኛው በፊርማ የሚጸድቅ የወጪ ዝርዝር፣ ሦስተኛው የስብሰባው ሰዓት ወደ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲዛወር ነው። ማታ ስብሰባ ካለ ልጆቿ እኔ ዘንድ እንደሚያመሹ ነግሬያታለሁ፤ የፌስቡኩንም ነገር እኔ እይዘዋለሁ።

የቀረን የአማቷ ጉዳይ ነው። ለ2013 ዕጩዋ እኅቴ አንድ ጥያቄ ላስከትል፤ በቤትሽ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች በምን አግባባሻቸው?

መልስ፦ የ2013 ዕጩ

እኅቴ፣ እናቴን ለማግባባት ብዙ ተናግሬ አልተሳካልኝም ነበር። በመጨረሻ ያደረግሁት፣ ቡና ላይ ወደምቀሰቅስበት ሰፈር አንድ ቀን ይዣቸው መሄድ ነበር። ሴቶቹ ስለ ውኃው ሲናገሩ ሰምተው፣ የእኔን መልስም ሰምተው፣ በመመለሻችን ታክሲ ውስጥ «ያችኛዋ የጠየቀችሽን በደንብ አልመለስሽላትም» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በየማታው ምን እንደተጠየቅሁና ምን እንደመለስኩ ሳይጠይቁኝ ተኝተው አያውቁም። አማቷን በክርክር ለማሸነፍ አትድከሙ፤ ይዛቸው ትሂድ።